ሳይሠራ የተሸጠው ፊልም፦ «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» እና ፈራጆቹ

በ1979 የሐምሌ ወር መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ፊልም ነጋዴዎች በሚያነቡት «ቫራይቲ» ጋዜጣ አንድ ሙሉ ገጽ የያዘ ማስታወቂያ ወጣ (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መስታወት ሰብሮ የሚወጣ ትልቅ ጽሑፍ «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ»፣ ማለትም «አርብ 13»፣ ይላል። እስካሁን ከተሠሩት ሁሉ አስፈሪው ፊልም ይኸው ነው የሚል ፉከራም ታክሎበታል። ፊልሙ ግን አልነበረም። ተዋናይ አልተመረጠም፣ ገንዘቡ አልተሟላም፣ ስክሪፕቱም ገና በመጻፍ ላይ ነበር። ፕሮዲዩሰርና ዳይሬክተሩ ሾን ከኒንግሃም በእጁ የነበረው የፊልሙ ስም ብቻ ነው። ስሙ የእኔ ነው የሚል ሌላ ሰው እንዳለ ለማወቅም፣ ገበያውን ለመቅመስም ብሎ አስቀድሞ አወጀው።

ከኒንግሃም ለጭካኔ ፊልም እንግዳ አልነበረም። በ1972 ዌስ ክሬቨን ዳይሬክት ያደረገውን አንድ አነጋጋሪ ፊልም ፕሮዲዩስ አድርጓል። ከዚያ ወደ ልጆች ስፖርት ፊልሞች ቢዞርም አላዋጣውም። በ1978 ግን ወደ 325,000 ዶላር ብቻ የወጣበት «ሃሎዊን» የተባለ አስፈሪ ፊልም በአስር ሚሊዮኖች ሲያስገባ ተመለከተ። እሱም ሆነ ስክሪፕቱን የጻፈለት ቪክቶር ሚለር የዚያን ፊልም ገበያ ለመከተል እንደተነሱ በኋላ ደብቀው አያውቁም። በዚህ ግልጽነታቸው እወዳቸዋለሁ፤ ብዙ ፊልም ሠሪ ከሌላው የወሰደውን በትልቅ ፍልስፍና ይሸፍናል።

ስሙን በተመለከተ አንድ ነገር ላንሳ። አሥራ ሦስት ወር ላለው አገር ሰው 13 ቁጥር ብቻውን አያስደነግጠውም። ለአሜሪካኖች ግን አርብና 13 ከተገጣጠሙ ገደቢስ ቀን ነው። ታሪኩ የሚፈጸመውም በዚያ ዕለት ነው ይባላል እንጂ ቀኑ ለታሪኩ የሚሠራለት ነገር የለም። ቀኑ የገባው ለማስታወቂያው ነው።

ገንዘቡ በዋናነት ከቦስተን አካባቢ ሲኒማ ቤት ባለቤቶች መጣ፤ ጠቅላላ ወጪው ወደ 550,000 ዶላር ነበር። ለዚህ ዓይነት በጀት ጫካ መድኃኒት ነው። ዲኮር አይሠራለትም፣ ሌሊት ሲሆን ካሜራው ከአሥር ሜትር በላይ ማሳየት አይጠበቅበትም፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለውን የተመልካቹ ሐሳብ ይሞላዋል። ቀረጻው የተካሄደው በኒው ጀርሲ ሰሜናዊ ምዕራብ፣ ሃርድዊክ በተባለ አካባቢ፣ ቦይ ስካውቶች ከ1927 ጀምሮ በሚጠቀሙበት ካምፕ ኖ-ቢ-ቦ-ስኮ ነው። ልጆቹ ክረምቱን አሳልፈው ሲሄዱ፣ በመስከረምና በጥቅምት 1979 የፊልሙ ሠራተኞች ገቡ። የእንጨት ጎጆዎች፣ አንድ ሐይቅ፣ ዝናብ፣ ጄኔሬተር፤ ከዚህ ሌላ ብዙም አላስፈለገም። ተዋናዮቹ ስም የሌላቸው ወጣቶች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ኬቨን ቤከን ነው፤ ያኔ ማንም አያውቀውም።

ፍጻሜውን እዚህ ስለምናገር ፊልሙን ሊያይ ያሰበ ንባቡን ያቁም። በ1957 ጄሰን የተባለ ልጅ በካምፑ ሐይቅ ይሰጥማል። በማግስቱ ዓመት ሁለት ወጣት ተቆጣጣሪዎች ይገደሉና ካምፑ ይዘጋል። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ሊከፈት ሲል፣ ለማሰናዳት የመጡት ወጣቶች አንድ በአንድ ያልቃሉ። ገዳይዋ የሰጠመው ልጅ እናት ወይዘሮ ቮርሂስ ናት። ልጇን መጠበቅ የነበረባቸው ወጣቶች ፍቅር ላይ ተጠምደው ሳለ ነው የሰጠመው። እንግዲህ ነገሩ ደም መመለስ ነው፤ ያውም ጥፋቱን በማያውቁት ላይ የወረደ ደም።

ፊልሙ ሰውን የሚይዝበት የመጀመሪያው ነገር የቶም ሳቪኒ እጅ ነው። ሳቪኒ በቬትናም ጦርነት የጦር ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። የሰው ገላ ሲቆስል ምን እንደሚመስል ከዚያ እንደተማረ በተደጋጋሚ ተናግሯል። በ1978 በወጣ የዞምቢ ፊልም ላይ የሜካፕ ሥራው ታይቶ ነበርና ከኒንግሃም ፈልጎ አመጣው። የቤከንን አሟሟት ያየ አይረሳውም። ወጣቱ አልጋ ላይ ተጋድሞ ሲጋራ ያጨሳል፤ ድንገት ከሥር አንድ እጅ ግንባሩን ይይዘዋል፣ የቀስት ጫፍም አንገቱን በስቶ ይወጣል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቤከን ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ብቻ በቀዳዳ አሾልኳል፤ ከላይ የሚታየው አንገትና ደረት የላስቲክ ነው። የውሸቱን ደም የሚገፋው ቱቦ በቀረጻው መካከል ተነቀለ። የሳቪኒ ረዳት ታሶ ስታቭራኪስ ቱቦውን አፈፍ አድርጎ በአፉ ነፋበት። ደሙ እየተንፈቀፈቀ ወጣ፤ ከታሰበውም ይልቅ እውነተኛ መሰለ። ሌላ አንገት እንደገና መሥራት ጊዜም ገንዘብም ስለሚበላ ያ አንድ ቀረጻ መሳካት ነበረበት።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ግን ሜካፕ ያልሆነ ሞት አለ። ጎጆ ውስጥ የገባው እባብ በካሜራ ፊት የተገደለው በእውነት ነው። ስለ ደሙ ብዛት ሲጮህ የኖረው ሃያሲ ሁሉ፣ አንድ ፍጡር በእርግጥ የሞተበትን ያንን ትዕይንት አልፎት መሄዱ ይገርመኛል። ለእኔ በፊልሙ ውስጥ ይቅርታ የሌለው ደቂቃ እሱ ነው።

ሁለተኛው ድምፁ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሃሪ ማንፍሬዲኒ አንድ ሕግ አወጣ፤ ገዳዩ በአካባቢው ከሌለ ሙዚቃ የለም። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ፊቷ ስለማይታይ ሙዚቃው የእሷ መገኛ ምልክት ሆነ። የልጇን ድምፅ በራሷ አፍ እያወጣች «እማዬ ግደያት» ከምትልባት የእንግሊዝኛ ሐረግ «ኪ» እና «ማ» የሚሉትን ድምፆች ወስዶ፣ በራሱ አፍ ማይክሮፎን ላይ እየተነፈሰ በማሚቶ መሣሪያ አስተጋባቸው። ኪ ኪ ኪ፣ ማ ማ ማ። ሕጉን ማንም አልነገረውም፣ ተመልካቹ ግን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያውቀዋል። አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትሄድ ሙዚቃው ከሌለ ትከሻው ይላላል፤ ሹክሹክታው ሲጀምር ይኮማተራል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው ትንፋሽ የተገኘ ነው።

ሦስተኛዋ ቤትሲ ፓልመር ናት። በ1950ዎቹና 60ዎቹ በቴሌቪዥን ጨዋታዎች ላይ ፈገግታዋ የሚታወቅ የቤተሰብ ፊት ነበረች። ስክሪፕቱን ስታነብ ናቀችው። ይሁንና መኪናዋ ተበላሽታባት አዲስ መግዛት ፈልጋ ነበር፤ ለአሥር ቀን ሥራ በቀን 1,000 ዶላር ሲቀርብላት ተቀበለች። ይህንንም ሳታፍር ስትናገር ኖራለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ በወፍራም ሹራብ፣ በእናት ፈገግታ ብቅ ትላለች፤ የተረፈችውን አሊስን አቅፋ ታጽናናለች። ከዚያ ስለ ልጇ ስታወራ ዓይኗ ይለወጣል። ትወናው የተጋነነ ነው የሚሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሐዘን ሰውን እንዴት እንደሚያጣምም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማሳየት ግን ለተናቀ ስክሪፕት ከሚገባው በላይ የተሰጠ ሥራ ነው።

ፓራማውንት የአሜሪካን የማሳያ መብት በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ግንቦት 9 ቀን 1980 ከ1,100 በላይ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ባንዴ ተከፈተ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር፣ በአጠቃላይ ደግሞ በአሜሪካ ወደ 39.7 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ማስታወቂያው በቁጥር የሚቀጥል የሞት ቆጠራ ነበር፤ እስከ 13። ከፍርሃቱ በፊት የተሸጠው ቆጠራው ነው ማለት ይቻላል።

ከሃያሲዎቹ መካከል የቺካጎ ትሪቢዩኑ ጂን ሲስከል ያደረገውን የሚያህል የለም። አለመውደዱን ጽፎ አላበቃም፤ ሰው እንዳይገባ ብሎ ገዳይዋ ማን እንደሆነች ሆን ብሎ አወጣ። ከኒንግሃምን በፊልም ንግድ ውስጥ ከገቡት እጅግ አስጸያፊ ፍጡራን እንደ አንዱ ቆጠረው። አንባቢዎች ለፓልመርና የፓራማውንት ባለቤት ለነበረው ድርጅት ሊቀመንበር የተቃውሞ ደብዳቤ እንዲጽፉም መራቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ከሌላው ሃያሲ ከሮጀር ኢበርት ጋር በሚያቀርቡት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አንድ ሙሉ ዝግጅት እንዲህ ላሉ ፊልሞች ሰጡ። ክሳቸው፦ ካሜራው የገዳዩን ዓይን ስለሚይዝ ተመልካቹን ከገዳዩ ጎን ያሰልፈዋል፤ የሚሳደዱትም ሴቶች ናቸው።

ክሱ ሊመዘን ይገባዋል፤ በቁጥር ከሄድን ይወድቃል። ከወይዘሮ ቮርሂስ በፊት የሚሞቱት ዘጠኝ ናቸው፤ አምስቱ ወንዶች፣ አራቱ ሴቶች። ገዳይዋ ሴት፣ የምታሸንፋትም ሴት። ካሜራው የገዳይዋን ዓይን የያዘበት ምክንያትም ተራ ነው፤ ፊቷ ከታየ ፊልሙ ያልቃል። ሲስከል ትክክል የሆነበት ቦታ ግን አለ፤ ቁጥር የማያሳየው ነው። ከወጣቶቹ መካከል ኔድና ቢል ሲገደሉ አናይም፤ ሬሳቸውን ብቻ እናገኛለን። የካምፑ ባለቤት ስቲቭ ባንድ አፍታ ያልቃል። ከወጣቶቹ አንዷ አኒ ግን ከገዳይዋ ጂፕ ዘላ ስታነክስ፣ ጫካ ለጫካ ስትሮጥ፣ ስትለምን ካሜራው ይከተላታል። ማርሲም መጥረቢያው እስኪያርፍባት ድረስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተራ በተራ መጋረጃ ስትገልጥ እንቆያለን። ወንዶቹ ይሞታሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ መጀመሪያ ይፈራሉ። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው፣ ፊልሙንም የሚያሳማው እሱ ነው።

በ1987 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊዋ ካሮል ክሎቨር ባሳተመችው ጽሑፍ ጥያቄውን ከተመልካቹ ወንበር በኩል አየችው። እነዚህን ፊልሞች ከሚያዩት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ለገዳዩ ያጨበጭቡ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ግን ነፍሳቸውን የሚያንጠለጥሉት ብቻዋን በቀረችው ልጅ ላይ ነው። «የመጨረሻዋ ልጅ» የሚለው አጠራር ከእሷ ወጣ። ሲስከል ካሜራውን አየ፤ ክሎቨር ጩኸቱ ወዴት እንደሚዞር ሰማች። በኔ ሚዛን የክሎቨር ያመዝናል፤ አዳራሹ ውስጥ «ዙሪያሽን እይ!» ብሎ የሚጮኸው ሰው ገዳይዋን እያገዘ አይደለም።

የጅምላው ፌዝ ይኸውላችሁ፦ የዓመቱን መጥፎ ፊልሞች የሚመርጠው የራዚ ሽልማት በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» ለመጥፎ ፊልም፣ ፓልመርም ለመጥፎ ረዳት ተዋናይት ታጩ። በዚያው መዝገብ ላይ ስታንሊ ኩብሪክ ዛሬ በሚደነቀው «ዘ ሻይኒንግ» ለመጥፎ ዳይሬክተር ታጭቷል። በ2022 አዘጋጆቹ የ«ዘ ሻይኒንግ» ተዋናይት የሼሊ ዱቫልን እጩነት ሰርዘዋል። መዝገቡን ማየት በቂ ነው፤ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ተራው ተመልካች የሚያነሳቸው ቅሬታዎች ከሃያሲዎቹ ይለያሉ፤ የበለጠም ጠንካራ ናቸው። ዋናው «ተታለልን» የሚለው ነው። ገዳዩ ማነው እያለ የሚያስገምት ፊልም ገዳዩን ቀደም ብሎ በሰዎቹ መካከል ማስቀመጥ አለበት፤ ወይዘሮ ቮርሂስ ግን ያለ አንዳች መግቢያ ነው የምትመጣው። እውነት ነው፤ ማጭበርበር ነው። አንዳንድ ትዕይንቶች ላይ ጓንት ያደረጉት እጆች የወንድ ናቸው፣ መጨረሻ ላይ አንገቷ ሲቆረጥ የሚንቀጠቀጡት እጆች ደግሞ የስታቭራኪስ ናቸው፤ ጠጉራቸው ሳይቀር ይታያል። አንድ ፍንጭ ግን ፊልሙ በትክክል ሰጥቷል። አኒ ያለ ፍርሃት መኪናው ውስጥ ትገባለች፤ ስቲቭ ዝናብ ውስጥ ባትሪ ይዞ የቆመውን ሰው አውቆ ሰላም ይላል። ገዳዩ ሰው የማይሸሸው ሰው ነው። ያንን ያስተዋለ ተመልካች የሚናደደው ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ዝግታው ነው። ዛሬ የሚያየው ሰው ስልኩን የሚያወጣበት ቦታ አለ፤ ወጣቶቹ ሞኖፖሊ ይጫወታሉ፣ አሊስ ቡና ታፈላለች፣ እየዘነበ ነው። እኔም በነዚያ ደቂቃዎች ተሰላችቻለሁ። ነገር ግን ሰዎቹ አለቀው እሷ ሳታውቅ ቡናውን ስትቀዳ፣ እኛ የምናውቀውን አለማወቋ መሰላቸቱን ወደ ሌላ ነገር ይቀይረዋል። አዳራሽ ውስጥ ከሦስት መቶ ሰው ጋር ሲታይ ያ ዝምታ ሳቅና ጉርምርምታ ይሞላዋል፤ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ባዶ ነው። ስለዚህ የ1980ው ተመልካችና የዛሬው ያዩት ፊልም በትክክል አንድ ነው ለማለት ይቸግረኛል።

ሦስተኛው ቅሬታ የሚመጣው ከተከታዮቹ ክፍሎች ነው። ጭምብል ያጠለቀውን ግዙፉን ጄሰን ፍለጋ የመጣ ሰው አያገኘውም። ጄሰን ገዳይ የሆነው በ1981ዱ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ የሆኪ ጭምብሉን ያገኘው በ1982ቱ ሦስተኛ ነው። እዚህ የሚታየው በማለዳ ጸጥታ፣ አሊስ ታንኳ ላይ ተኝታ ለስላሳ ሙዚቃ ሲሰማ፣ ከሐይቁ ድንገት ዘሎ የሚይዛት ብስባሽ ሕፃን ነው፤ እሱም ሕልም ሊሆን ይችላል። ያንን የመጨረሻ ድንጋጤ ማን እንዳሰበው ከጊዜ በኋላ ከአንድ በላይ ሰው «እኔ ነኝ» ብሏል። ጄሰንን የመጀመሪያው ክፍል ገዳይ አድርጎ የማሰብ ስህተት የተለመደ ስለሆነ ዌስ ክሬቨን በ1996 «ስክሪም» መክፈቻ ላይ ተጠቅሞበታል፤ ስልክ ላይ የምትጠየቀው ልጅ የ«ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» ገዳይ ጄሰን ነው ብላ ትመልሳለች፣ በዚያም ትሸነፋለች።

ሚለር ራሱ ጄሰን ገዳይ በመደረጉ አይስማማም። ጄሰን የእሱ ታሪክ ውስጥ ተጎጂ ነው፤ ክፋቱ የሚመጣው ከእናትነት ነው ብሎ ይከራከራል። እኔም ከሁሉም ክፍሎች የመጀመሪያው የሚሻለው በዚህ ነው እላለሁ። የማይሞት ግዙፍ ሰው ማሽን ነው፤ ያዘነች እናት ግን ምክንያት አላት።

የመጨረሻው ፍርድ ከእውነተኛ ፍርድ ቤት መጣ። በአሜሪካ የ1976 የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ደራሲ የሰጠውን መብት ከ35 ዓመት በኋላ ማስመለስ ይችላል፤ ተቀጥሮ በሠራተኛነት የጻፈው ከሆነ ግን አይችልም። ሚለር በ2016 መብቴን መልሱ ብሎ ማስታወቂያ ሰጠ። ባለመብቶቹ ኩባንያዎች፣ የደራሲያን ማኅበር አባል ስለነበር ሠራተኛችን ነበር ብለው ከሰሱት። የኮነቲከት ፌደራል ፍርድ ቤት በ2018 ለሚለር ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት መስከረም 30 ቀን 2021 አጸናው። የራሱን ሰዓት የወሰነ፣ በራሱ መሣሪያ የጻፈ፣ በጥቅል ክፍያ የተከፈለው ደራሲ ተቀጣሪ አይባልም ተባለ። ክፍያው ከ10,000 ዶላር ያነሰ ነበር። ተዋናይቷ የናቀችው፣ ሃያሲዎቹ ታሪክ ብለው ለመጥራት የተጸየፉት ጽሑፍ ዓመታት የፈጀ ሙግት የሚገባው ንብረት ሆኖ ተገኘ።

ሙግቱ ሲንከባለል በ2017 በወጣው የፊልሙ የቪዲዮ ጌም ላይ አዳዲስ ነገር መጨመር ተከለከለ፤ ጌሙም በ2023 መጨረሻ ከሽያጭ ወረደ። ፍርዱ የሚሠራው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ የመጀመሪያው ስክሪፕት የሚለር ሲሆን ከአሜሪካ ውጭ ያለው መብት ከኩባንያው ጋር ቀረ። ጭምብል ያጠለቀው አዋቂ ጄሰን የማን ነው የሚለውን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልነካውም።